የአባቴን ላፕቶፕ ከመጣል ላዳነው ባለሙያ

ምስጋናዬ ሳሪስ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ወንድማችን ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም፤ ሥራውን ግን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የአባቴ ላፕቶፕ ደግሞ 6ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስክሪኑ ደህና፣ ቁልፎቹ ደህና፣ ግን ሌላ ሱቅ ስጠይቅ መልሱ «አዲስ ግዙ» ነበር። በዛሬ ዋጋ ይህን ለጡረተኛ መምከር ቀልድ ነው።

ይህኛው ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት አባቴን ጠየቃቸው፦ «ጋሼ፣ በዚህ ምን ምን ይሠራሉ?» አባቴ የዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ፣ መዋጮ ይመዘግባሉ፣ ማታ ዜና ያነባሉ። አብረውን የሚኖሩት አክስቴ ደግሞ ዱባይ ካለችው ልጃቸው ጋር በቴሌግራም እየተያዩ ይነጋገራሉ። ሰምቶ ሲጨርስ «ለዚህ ሊኑክስ ሚንት ይበቃል» አለ። ይህ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ዋና ፕሮግራም) ነው። ክፍያ የለውም፤ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ እንኳ ይነሣል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። የእኛው 4 ስለነበረው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት መረጠልን።

ወዲያው አልጫነም። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ አስነሥቶ አባቴ ራሳቸው እንዲሞክሩት ወንበሩን ለቀቀላቸው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ የዕድሩ ፕሪንተር እንደሚሠሩ በዚያው ታየ። ከዚያ ፎቶውንና ጽሑፉን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ እየከፈተ አሳይቶን፣ «አሁን ልጫነው?» ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሳይገለብጡ ፎርማት የሚያደርጉ ስንት እንዳሉ የደረሰበት ያውቀዋል።

ያስቸገረው የድሮው ቃለ ጉባኤ ነበር። የተጻፈው በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፎንት ነው፤ ያ ፎንት ዩኒኮድን (ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ፊደል ሆኖ እንዲታወቅ የሚያደርገውን የጋራ ሥርዓት) ስለማይከተል፣ እርሱ በሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ብቻ ነው። አባቴ ያንን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ልጁ ግን ፎንቶቹን ከአሮጌው ዊንዶውስ አውጥቶ አዲሱ ላይ አስገባቸውና ጽሑፉ ሊብሬኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ተነበበ። መስመራቸው የተዛባባቸውን ሰንጠረዦች ተቀምጦ አቃናቸው፤ ለዚህ ተጨማሪ አላስከፈለም። ለአዲሱ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ድምፁ በመምታት አማርኛ የሚጻፍበት የዩኒኮድ ቁልፍ ሰሌዳ ጫነላቸው፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀየርበትንም በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጣቸው። ለአክስቴ የቴሌግራሙን ምልክት አጉልቶ ስክሪኑ መካከል አኖረው፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ከፊታቸው አነሣ።

«ቫይረስ የሚባል አይነካውም» ብሎ አልሸነገለንም። ከሰው ፍላሽ የሚመጣውና ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ዓይነት ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚህ እንደማይሠራ ነገረን፤ የባንክ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አጭበርባሪ መልእክት ግን በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው አጭበርባሪ ነው አለን። ታናሽ ወንድሜ ይህን አይቶ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ሄዶ ነበር። ለዊንዶውስ በተሠራው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም እንደሚሠራ ሲነግረው «የአንተን አልነካውም፣ በዊንዶውስህ ቆይ» ብሎ መለሰው። ገንዘቡን ተቀብሎ ቢጭንለት ማን ይከለክለው ነበር?

አባቴ አንድ ቅሬታ አላቸው፤ የለመዱት የካርታ ጨዋታ መልኩ ተለውጦባቸዋል። ሌላው ሁሉ የድሮውን የሚመስል ስለሆነ አልደነገጡም፤ ካርታውን ግን አልተቀበሉትም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ቻርጀር አትርሱ። ኮምፒውተሩን የሚጠቀሙበትን እናት ወይም አባትም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ባለቤቱ ሥራ አይጀምርም።