ደሴ ላይ «ታይፎይድ አለብህ» የሚያሰኘው የዊዳል ምርመራ፦ ከ5 ኮከብ 2

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ ለገባ ሰው ቶሎ የሚታዘዘው ዊዳል ነው። ዋጋው አይከብድም፣ ውጤቱም ወዲያው ይደርሳል። ሁለቱን ኮከብ የሰጠነው ለዚሁ ነው።

የቀሩትን ሦስቱን ያሳጣው የባክቴሪያው ጠባይ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያገኝም፤ ሰውነት ሊከላከለው ያወጣበትን አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ብቻ ነው የሚያየው። የታይፎይድ ሳልሞኔላ ደግሞ መደበቅ ይችልበታል። «ቪአይ» የሚባል የስኳር ካባ ደርቦ «ኦ» አንቲጅኑን፣ ማለትም ሰውነት ባዕድነቱን የሚለይበትን የገጽ ምልክት፣ ይሸፍናል፤ የሰውነት መከላከያም ቶሎ አይነቃበትም። ነጭ የደም ሴል ቢውጠውም አይሞትም። በተዋጠበት ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ መርፌ በመሰለ አካሉ ፕሮቲኖቹን ወደ ሴሉ ይወጋል፤ መፍጫው እንዳይደርስበት አድርጎ እዚያው ይራባል። በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲው ገና ስላልበዛ በሽተኛው «ኔጋቲቭ» ሊባል ይችላል። በአንጻሩ ከባቲ ወይም ከሐርቡ ወባ ይዞት የመጣ ሰው ታይፎይድ ሳይኖርበት «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የወባ ምርመራው ይቅደም።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኪቱ (የምርመራው ዕቃ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ ከመታው ተበላሽቷል። አንቲጅኑ፣ ማለትም ኪቱ ውስጥ ያለው የተገደለ ባክቴሪያ ፈሳሽ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው ከለቀቀው በኋላ በደንብ ይነቀነቃል። በስላይዱ ላይ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሴረም (ከደም ሴሎች የተለየው ፈሳሽ) ተደርጎ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ አንቲጅን ይጨመራል፤ ለ1 ደቂቃ ከተወዛወዘ በኋላ ወዲያው ይነበባል። መቋጠሩ አንቲቦዲ መኖሩን ያሳያል፤ ከዘገየ ግን ጠርዙ ይደርቅና የተቋጠረ ይመስላል። በጣም የምንቃወመው ግን ወረቀቱ ላይ «ሪአክቲቭ» (ምላሽ አለው) ብቻ ተጽፎ መድኃኒት መታዘዙን ነው። 1:80 ወይም 1:160 የሚል፣ ሴረሙ እስከ ስንት እጥፍ ቀጥኖ እንደቋጠረ የሚያሳይ ቁጥር ይጠይቁ። ያም ቢሆን አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ በተወሰደ ደም በአራት እጥፍ ማደጉ፣ ለምሳሌ ከ1:40 ወደ 1:160 መድረሱ፣ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ካልቸር (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) የሚሠራበት ቦታ ከተገኘ ግን ገንዘቡን እዚያ ማዋል ይሻላል፤ ውጤቱ ቀናት ቢወስድም። ከአዋቂ 10 ሚሊሊትር ያህል ደም ይቀዳል፤ በ1 ሚሊሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ባክቴሪያ ያህል ብቻ ስለሆነ በ2 ወይም በ3 ሚሊሊትር በቀላሉ ያመልጣል። ደሙ የሚቀዳው አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን አስቀድሞ ተውጦ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ምንም ላይበቅል ስለሚችል፣ ደሙን ለሚቀዳው ባለሙያ ይነገረው።