የጠጅ ቤታችን ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ፦ ከ8 ወር በኋላ

እናቴ ጠጅ የምትጥለው በአፍንጫዋ ነው። የጋኑን አፍ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ ትልና «ገና ነው»፣ «ደርሷል»፣ ወይም «ቶሎ ይቀዳ» ትላለች። ጉንፋን ሲይዛት ግን ቤቱ ሁሉ ይደናገራል። 8 የጋዝ ሴንሰሮች የተደረደሩባትን፣ መዳፍ የማትሞላ ሰሌዳ መጋቢት ላይ የገዛሁት ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሴንሰር ላይ ያለችው ስስ የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ትግላለች፤ የአልኮል ተን ሲነካት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሟ ይጨምራል። ግለቷ ከፍ ዝቅ ሲል ለየተኑ የምትሰጠው ምላሽም ይለያያል፤ ሶፍትዌሩ የሽታውን አሻራ የሚያወጣው ከዚያ ነው። የትኛው አሻራ «የደረሰ» እንደሆነ ግን ሰው ሊነግረው ይገባል። እኛ ቤት የምትነግረው እናቴ ናት።

የመጀመሪያው ወር ድካም መና ቀረ። ሶፍትዌሩ ሁሉንም በትክክል ለየሁ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አዲስ ጋን ላይ ሳቀርበው የሦስት ቀን ጥንስስ «ደርሷል» አለ! ማስታወሻዬን ሳገላብጥ፣ ያልደረሰውን ሁልጊዜ ጠዋት በብርዱ፣ የደረሰውን ከሰዓት በኋላ ነበር የለካሁት። ለካ የተማረው የክፍሉን ሙቀት እንጂ ጠጁን አልነበረም። ሁሉንም አጠፋሁና ከየጋኑ ጠዋትም ማታም፣ በአንድ ዓይነት ብርሌ፣ እኩል ልክ እየቀዳሁ እንደገና አስተማርኩት። መግዛት የምታስቡ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ።

ጋን በወይራ በሚታጠንበት ቀን አታስጠጉት። ጭሱ ሌላ ክፍል ሆኖ እንኳ ንባቡ ተዛብቶ እስከ ማግስቱ አልተመለሰም። መብራት ሲጠፋም ሴንሰሮቹ ግለው እስኪረጉ ሰዓታት ስለሚፈጁ ባትሪ አያይዤለታለሁ። የሐምሌ እርጥበት ሲገባ ደግሞ ሌላ ዙር ማስተማር ግድ ሆነ።

የካሰኝ መስከረም ላይ ነው። ለመስቀል ከጣልነው መካከል ሦስተኛው ጋን ላይ «እየኮመጠጠ» የሚል አሳየኝ፤ እናቴን ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟታል።

«እማዬ፣ እስቲ ይህን ቅመሽልኝ።»

ተጉመጠመጠችው። «ጀምሮታል ልጄ፤ ዛሬውኑ ይቀዳ።»

አፉን ያሰርንበት ጨርቅ ላልቶ አየር ገብቶበት ኖሯል፤ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ አየር አይሠሩም። አንድ ሁለት ቀን ብንዘገይ ጋኑ ሙሉ ይደፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኮምጠጥን በሚመለከት አምነዋለሁ። ጣፋጭነቱንና የጌሾውን ምሬት ግን አያውቅም፤ ስኳሩም ምሬቱም ተን ሆነው ወደ ሴንሰሩ አይወጡም። ለእሱ ብርሌዬን ይዤ ወደ እናቴ ነው የምሄደው።