አምፖል፣ መልቲሜትር ወይስ ክላምፕ ሜትር? የካራቫን ተንሸራታች ክፍል እምቢ ሲል የቱን እንግዛ

ባለፈው ዓመት አዳማ ወዳለው ጋራዣችን አንድ ካራቫን መጣ። መኪና የሚጎትተው፣ ሲቆም አንዱ ጎኑ በሞተር ወደ ውጭ ተንሸራቶ ክፍሉን የሚያሰፋ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ቤተሰቡን ይዞ ሶደሬ ወርዶ ነበር። ክፍሉ ወጣ። ሊመለሱ ሲሉ ግን አልገባም አለ። በእጅ እያዞሩ አስገቡት። ከዚያ አንድ ቦታ ወስዶ ሞተሩን አስቀየረው። አዲሱም ሞተር ዝም። ማብሪያው ሲጫን ሪሌው (ለሞተሩ ኃይል የሚለቀው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) "ጠቅ" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም።

እኔ ጋ ሲደርስ ቮልት የሚለካውን መልቲሜትሬን አነሳሁ። የሞተሩን ሶኬት ነቅዬ፣ ማብሪያውን አስጭኜ ለካሁ። 12.5 ቮልት አለ። "ኃይሉ በደንብ ይደርሳል፤ ችግሩ ሞተሩ ነው" ልል ምንም አልቀረኝም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ እስቲ በአምፖል እንየው" አለ። አንድ የፊት መብራት አምፖል በዚያው ሶኬት ላይ አገናኘ። ክሩ ቀላ ብሎ ቀረ። ከሪሌው ወደ ሻሲው (የካራቫኑ የብረት አካል) የሚሄደውን፣ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የግራውንድ ገመድ ስንገልጠው ውስጡን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ገመዱን ቀየርን። ክፍሉ ወጣ፣ ገባ። ሰውየው ለማያስፈልገው ሞተር ያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ "የቱን ልግዛ?" ለሚሉኝ መልሴን ከዚህ ገመድ ልጀምር። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዲት የቀረች የሽቦ ክር ብትኖር እንኳ 12.5 ብሎ ያሳያል። ሞተሩ ግን ክፍሉን ለመግፋት አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ አምፔር ይፈልጋል። ያቺ ክር ይህን አትሸከምም። አምፖል ደግሞ እንደ ሞተሩ መብላት ይፈልጋል። ካላገኘ ይደክማል። የድካሙ መጠን በዓይን ይታያል።

ግን ሁሉም አምፖል አንድ አይደለም። ሱቅ ውስጥ እንደ ጠመንጃ መፍቻ ሹል ጫፍ ያለው፣ ከኋላው ሽቦ የወጣለት የፍተሻ መብራት አለ። ትንሿ አምፖሉ የምትጠይቀው ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ ነው። ለፊውዝና ለማብሪያ ፍተሻ ትሆናለች። ከባድ ሞተር ላይ ያለ ደካማ ገመድ ግን ሊያመልጣት ይችላል። ኤልኢዲ የተገጠመለትማ ከመልቲሜትሩ ብዙም አይሻልም፤ በደካማ ሽቦም ቦግ ይላል። እኔ የምመርጠው ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ነው። በ12 ቮልት ወደ አራት አምፔር ተኩል ይወስዳል። ሁለት ወፍራም ሽቦ ይበየድለት፤ ዋጋው ከመልቲሜትርም ከክላምፕ ሜትርም ያነሰ ነው። ሲበራ በጣም ስለሚግል ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት።

የአዳማ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከተማችን የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። መለዋወጫውም መሣሪያውም በብዛት ለከባድ መኪና የመጣ ነው፤ ከባድ መኪና ደግሞ ባለ 24 ቮልት ነው። ካራቫን ባለ 12 ነው። የ24 አምፖል ገዝታችሁ በ12 ብታበሩት ገመዱ ደህና ሆኖ እንኳ ፈዞ ይታያል። ያልታመመ ገመድ ስትቀይሩ ትውላላችሁ። አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በተቃራኒው ካራቫኑን ከባለ 24 መኪና ባትሪ ጋር ማገናኘትማ መቆጣጠሪያ ቦርዱንና ሞተሩን ማቃጠል ነው። ይህን ተሳስተው ያደረጉ ሰዎች ገጥመውኛል።

መልቲሜትር አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። አምፖል ባትሪው 12.6 ይሁን 12.1 አይነግራችሁም። ይህ ደግሞ ትልቅ ልዩነት ነው። ያረፈ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ተንሸራታች ክፍል አልሄድ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው። ክፍሉ እየተንቀሳቀሰ ስትለኩ ከ11 በታች ከወረደ ባትሪውን ወይም የባትሪውን ገመዶች ጠርጥሩ።

መልቲሜትር ከአምፖል በላይ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሪሌው ግራውንድ ላይ ያዙ። የሞተሩ ሶኬት እንደተሰካ ይሁን። ሰው ማብሪያውን ይጫን። ሞተሩ ኃይል እየወሰደ ዜሮ አካባቢ ከቆመ የግራውንዱ መንገድ ንጹሕ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ያን ቀን ሶኬቱን ሳልነቅል በዚህ መንገድ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ገመዱን በደቂቃ አገኘው ነበር። ስለዚህ መልቲሜትር ስትገዙ ሽቦዎቹ ረዘምና ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው ላይ የሚነክስ መቆንጠጫ የሚገጠምላቸው ይሁኑ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ትንሹንና ትልቁን ንባብ የሚይዝ ቁልፍ ቢኖረው ጥሩ ነው። ቁጥሩን ለማየት መሯሯጥ ይቀራል። የራሱ የውስጥ ባትሪ ሲደክም የተሳሳተ ቁጥር እንደሚያሳይም አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መልቲሜትሩ ላይ 10 አምፔር የሚል ቀዳዳ አለ። በእሱ የሞተሩን አምፔር ለመለካት አትሞክሩ። ፊውዙ ይሄዳል። ርካሽ ከሆነና ፊውዝ ከሌለው ራሱ መሣሪያው ይሄዳል።

ለአምፔር ክላምፕ ሜትር አለ። ሽቦ ሳይቆረጥ፣ በመንጋጋው አንዱን ሽቦ ብቻ ታቅፎ ይለካል። ሁለቱን ሽቦ አብራችሁ ካቀፋችሁ ዜሮ ያሳያል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ሞተሩ ከወትሮው በላይ እየወሰደ ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል። ሐዲዱ ቆሽሿል፣ ወይም ካራቫኑ በደንብ ተስተካክሎ አልቆመም። የአዳማን ንፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጣም ትንሽ ከወሰደ ደግሞ መስመሩ ላይ ደካማ ግንኙነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሞተር ላላቸው ክፍሎችማ ወደር የለውም። ሁለቱን አወዳድራችሁ የቱ ጎን እንደሚታገል ታውቃላችሁ።

ገዢ የሚሸወደው ግን እዚሁ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ርካሽ ክላምፖች አምፔር የሚለኩት ለኤሲ፣ ማለትም ለቤት መብራት ብቻ ነው። ማዞሪያው ላይ የዲሲ፣ ማለትም የባትሪ ኤሌክትሪክ፣ ቮልት ምልክት ስላለ ብቻ አትመኑ። ከአምፔሩ ምልክት አጠገብ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ፈልጉ። የሞገድ ምልክት ብቻ ካለ ለካራቫን አይሆናችሁም። ዲሲ የሚለካው ዋጋው ይጨምራል። ንባቡን ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍም ሊኖረው ይገባል።

የራሱ አንድ ካራቫን ላለው ሰው ምርጫዬ መልቲሜትርና ያ ባለ 55 ዋት አምፖል ነው። ሁለቱም አንድ ላይ፤ አንዱ ያለ ሌላው ያሳስታል። ክላምፑን የሰው ሥራ የሚቀበል ጋራዥ ይግዛው። ለአንድ ቤተሰብ ያ ገንዘብ ጥሩ ባትሪ ላይ ቢውል ይሻላል። መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለው ክፍል ከሆነ አምፖሉን ሞተሩ ሶኬት ላይ ብቻ ተጠቀሙ፤ የቦርዱን ቀጫጭን የምልክት ሽቦዎች አትንኩበት። ሹል ጫፍ ባለው መሣሪያም የሽቦ ልባስ አትብሱ፤ በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ይገባል። ክፍሉን ስትሞክሩ ልጆችን ከአካባቢው አርቁ።

ክላምፕ ለመግዛት የወሰነ ካለ ሱቁ በር ላይ ሞክሩት። የመኪናችሁን ኮፈን ክፈቱና ወደ አንዱ የፊት መብራት የሚሄደውን ሽቦ እቀፉ። ዜሮ አድርጉት፣ መብራቱን አብሩ። ባለ 12 ቮልት መኪና ከሆነና አምፖሉ ባለ 55 ዋት ከሆነ ከአራት እስከ አምስት አምፔር ማየት አለባችሁ። ዜሮ ላይ ከቀረ ለሻጩ መልሱለት።