ለ.22 ጠመንጃ የትኛው ስኮፕ ይሻላል? ከ60 እስከ 300 ዶላር ያሉ አራት ምርጫዎች

አሜሪካ ውስጥ ተኩስ መለማመድ ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው .22 ሎንግ ራይፍል ነው። ጥይቱ ርካሽ ነው፤ ትከሻ አይመታም፤ ድምፁም ጀማሪን አያስደነግጥም። ጠመንጃው ከተገዛ በኋላ ነው እንግዲህ የስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ጥያቄ የሚመጣው። አብዛኛው ሰው ሁለት ነገር ብቻ ያያል፦ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላና ስንት እንደሚያወጣ። እኔ ከሁለቱም በፊት የማየው ስኮፑ ለስንት ያርድ ርቀት ተስተካክሎ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

ነገሩ ፓራላክስ ይባላል። በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡና ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፉት። 25 ያርድ ላይ ያለ ኢላማ በስኮፑ እያያችሁ፣ ጠመንጃውን ሳትነኩ ራሳችሁን ብቻ ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። ስኮፑ ለሩቅ የተስተካከለ ከሆነ መስቀለኛው መስመር ወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ታያላችሁ። ጠመንጃው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀሰው ዓይናችሁ ብቻ ነው።

ለትልልቅ ጥይት የሚሠሩ ስኮፖች አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ወይም ለ150 ያርድ ተስተካክለው ይወጣሉ። የሪምፋየሮቹ፣ ማለትም እንደ .22 ላሉ ትንንሽ ጥይቶች የሚሠሩት፣ ግን ለ50 ወይም ለ60 ነው። በቁጥር እንየው። የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነና ለ100 ያርድ የተስተካከለ ስኮፕ፣ ዓይናችሁ ጠርዝ ላይ ካረፈ፣ 25 ያርድ ላይ እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሊያስታችሁ ይችላል። 32 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለውና ለ50 የተስተካከለው እዚያው ርቀት ላይ ከ8 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ዓይን በትክክል መሃል ላይ ካረፈ ስህተቱ ይጠፋል። ግን ዛፍ ላይ ያለ ሽኮኮ ላይ የሚያነጣጥር ሰው አንገቱን ጠምዞ ነው የሚያነጣጥረው። የሽኮኮ ጭንቅላት ደግሞ ትንሽ ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር መሳት ማለት እንስሳውን አቁስሎ መልቀቅ ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የምናገረው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ዋጋው እንደ ሱቁና እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የምጠቅሰው ግምት ነው።

ከሁሉም ርካሹ ሲመንስ .22 ማግ 3-9×32 ነው (ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ 32 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው)። 60 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ለ50 ያርድ የተስተካከለ ነው። ማሰሪያ ቀለበቶቹም አብረውት ይመጣሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለብቻ ሲገዙ ከ15 እስከ 30 ዶላር ይወስዳሉ። ቀን ላይ 50 ያርድ ወረቀት ለመምታት ይበቃል። ድክመቱ የሚታየው ሲመሽ ነው። 9 እጥፍ ላይ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 32 በ9 ሲካፈል 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ምስሉ ይጨልማል። ወደ 5 እጥፍ ዝቅ ስታደርጉት ይሻሻላል። ለልጅ መለማመጃ ወይም ለጓሮ ቆርቆሮ ከሆነ ከዚህ በላይ አታውጡ።

ከ130 እስከ 150 ዶላር ውስጥ ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 ሪምፋየር 2-7×32 አለ። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠራው ይህን ነው። 7 እጥፍ ሲባል ብዙዎች ፊታቸው ይቀየራል፤ «9 እያለ ለምን 7?» ይላሉ። እስከ 100 ያርድ ለሚተኮስ ጥይት 7 ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ጥቅሙ እንዲያውም ታች ያለው 2 ነው፤ ቅርብ ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይገኛል። ዓይንን ወደ 4 ኢንች ገደማ አርቆ ማየት ይቻላል፣ ስለዚህ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይመቻል። ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው፤ ደረሰኝ አይጠየቅም፣ ከሌላ ሰው የገዛችሁትም ቢሆን ይሠራል። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ዋስትና ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይኸው 2-7×32 ለትልቅ ጥይት የተዘጋጀ ወንድም አለው፤ እሱ ለ100 ያርድ ነው የተስተካከለው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። በኢንተርኔት ስትገዙ ስሙ ውስጥ «ሪምፋየር» የሚል መኖሩን ሳታዩ ከፍላችሁ እንዳትወጡ።

ሦስተኛው ሃውክ ቫንቴጅ 3-9×40 ነው፤ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ምርጫው የሚገባው ርቀት ለሚቀያይር ሰው ነው። የፊት ሌንሱ ዙሪያ የሚዞር ቀለበት ያለውን ከገዛችሁ ፓራላክሱን በእጃችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ዛሬ 20 ያርድ፣ ነገ 100። ለ.22 ጥይት አወራረድ የተሰሩ ምልክቶች ያሉበት ዓይነትም አለው። .22 ደግሞ በደንብ ይወርዳል፦ በ50 ያርድ ዜሮ ያደረጋችሁት፣ ማለትም ያነጣጠራችሁበት ላይ እንዲመታ ያስተካከላችሁት፣ ጠመንጃ 100 ያርድ ላይ ከ6 እስከ 7 ኢንች ዝቅ ይላል። ምልክቶቹ ይጠቅማሉ፣ ግን በጭፍን አትመኗቸው። እንዲህ ባሉ ስኮፖች ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ የማጉያ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በከፍተኛው። ጥይት ስትቀይሩም ይለያያሉ። በተጨማሪም ክብደት አለው። 40 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከፍ ያለ ቀለበት ሊጠይቅ ይችላል። ሩገር 10/22 ካርባይን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰደፉ ዝቅ ያለ ነው። ስኮፑ ከፍ ሲል ጉንጫችሁ ሰደፉን ይለቅና አገጫችሁን ታስደግፋላችሁ። ያኔ ዓይናችሁ በየተኩሱ የተለያየ ቦታ ያርፋል፤ የሸሻችሁት የፓራላክስ ችግር ዞሮ ይመጣል። ዋጋው ከቮርቴክሱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ 200 ዶላር ይጠጋል።

ሉፖልድ ቪኤክስ ፍሪደም በሪምፋየር ዓይነቱ ለ60 ያርድ የተስተካከለ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዶላር ይሄዳል። የሚሠራው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርተን ነው። ቀላል ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሌሎቹ ጋር ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ለአዳኝ ያዋጣል። ለሬንጅ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ቮርቴክሱን ገዝቼ የዋጋውን ልዩነት ለጥይት ባወጣው ይሻለኛል። እጅ የሚሰላው በመተኮስ ነው።

በ20 እና በ30 ዶላር የሚሸጡት ቀጫጭን 4×20 ስኮፖች አይመከሩም። ቱቧቸው ጠባብ ነው፣ ምስሉም ጠባብና ጨለም ያለ ነው። በዚያ ገንዘብ ከጠመንጃው ጋር የመጣውን የብረት ማነጣጠሪያ መጠቀም ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የጠመንጃችሁን ጀርባ እዩ። ማርሊን 60 እና ሲዜድ 457 ስኮፕ የሚይዙት በላያቸው በተቀረጸ ጠባብ ጎድጓዳ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ይሉታል፣ አውሮፓውያኑ 11 ሚሊ ሜትር። ዊቨር ለሚባለው ሰፊ የስኮፕ መቀመጫ ሐዲድ የተሠራ ቀለበት እዚያ ላይ አይገጥምም። ሩገር 10/22 ካርባይን አብሮት የሚመጣው መቀመጫ ሁለቱንም ይቀበላል።

ስለ ሕጉም ባጭሩ። ስኮፕ ለመግዛት የጠመንጃው ዓይነት የጀርባ ምርመራ የለም። ጠመንጃው ግን ሌላ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ይፈቀድለታል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው አይፈቀድለትም። አገር ቤት ያለ ዘመድ «አንድ ስኮፕ ላክልኝ» ቢላችሁም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ሲወጣ የኤክስፖርት ቁጥጥር አለበት፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አላት።

ስኮፑ ከተገጠመ በኋላ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ሬንጅ ሂዱና ፈትሹት። 50 ያርድ ላይ ሩብ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ ነው) የሆነ የስኮፑ ማስተካከያ አንድ ጠቅታ ምቱን በአንድ ስምንተኛ ኢንች ገደማ ያንቀሳቅሳል። አምስት ጥይት ተኩሱ፣ ስምንት ጠቅታ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ሌላ አምስት ተኩሱ። ሁለተኛው ስብስብ አንድ ኢንች ገደማ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ስምንቱን ወደ ግራ መልሱና ሦስተኛ አምስት ተኩሱ። የመጀመሪያው ላይ ካላረፈ ስኮፑን መልሱት፤ በማስተካከል አይድንም።