ሂና፣ ኢንዲጎ ወይስ «ጥቁር ሂና»? ሽበታችሁን በቤት ለምታቀልሙ

አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ገበያ የገዛችውን ሂና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብታ ካጠበችው በኋላ መስታወት ፊት ቆመችና «ይህ እኮ ብርቱካን ነው! እንዲህ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ?» አለች። ሻጩ አላታለላትም፤ ዱቄቱ ንጹህ ሂና ነበር። ስህተቱ ሽበትን ለማጥቆር ቀይ የሚያቀልም ተክል መግዛቷ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚሁ ላይ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሽበታችሁ ምን ያህል እንደሆነና ስንት ሰዓት መታገሥ እንደምትችሉ አስቡ።

ሂና ያለው አንድ ቀለም ነው፦ ከብርቱካን እስከ ጥቁር ቀይ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሎሶን የሚባል ንጥረ ነገር ከፀጉር ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በቀላሉ ታጥቦ አይለቅም። ፀጉርን ግን አያነጣም። ስለዚህ ጥቁሩ ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲመታው ብቻ የሚታይ ቅላት ይሰጣል፤ ሽበቱ ላይ ደምቆ ይወጣል። እዚህም እዚያም ጥቂት ሽበት ላላት ሴት ይህ ያምራል፣ ሌላ ነገር መጨመርም አያስፈልጋትም። ግማሽ ራሷ ለነጣ ግን እንደ አክስቴ ይሆንባታል። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አትደንግጡ፤ ቀለሙ እስከ 48 ሰዓት ድረስ እየጠቆረ ይሄዳል።

ኢንዲጎ፣ ሰማያዊ የሚያቀልም የሌላ ተክል ቅጠል ዱቄት፣ የሂና ተቃራኒ ነው። ብቻውን ሽበት ላይ ሲቀባ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፤ ሂና በያዘው ፀጉር ላይ ሲደረብ ግን ጥቁር ይሆናል። ቡናማ ለሚፈልግ ሁለቱን እኩል ቀላቅሎ አንድ ጊዜ መቀባት ይበቃል። የእኔ ምርጫ፣ ሽበት ለበዛበት ራስ፣ ሂናውን አስቀድሞ ኢንዲጎውን ማስከተል ነው። ጣጣው ግን ቀላል አይደለም። ሂናው በሎሚ ጭማቂ ወይም በለብ ያለ ውኃ ተለውሶ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ደብረ ማርቆስን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ብርዳም ከተማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፣ እኔ ከምድጃው አጠገብ አሳድረዋለሁ። ባሕር ዳር ሙቀቱ ያፈጥነዋል። ከዚያ ራስ ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ኢንዲጎው ደግሞ በለብ ያለ ውኃ ተለውሶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንደቆየ ወዲያው መቀባት አለበት፤ ካደረ ይሞታል። እሱም ራስ ላይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ራሳችሁ ቅቤ ከጠገበ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ቅቤ ያለበት ፀጉር ቀለም አይዘልቀውም፤ ሹሩባውን ፈታችሁ፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥባችሁ ጀምሩ።

አሁን ስለ «ጥቁር ሂና»። ጥቁር የሚያቀልም የሂና ቅጠል የለም። በግማሽ ሰዓት ፀጉር አጠቁራለሁ የሚል ዱቄት ብዙ ጊዜ ፓራ ፊኒሊን ዲያሚን የሚባል ኬሚካል አለበት። በካርቶን ታሽጎ በሚሸጠው መደበኛ የፀጉር ቀለም ውስጥም ይገኛል፤ ልዩነቱ የአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ በሚደርሰው ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ስለ ይዘቱ ምንም ያልተጻፈበት ፌስታል ስንት እንደያዘ አለመናገሩ ነው። ቆዳው የማይስማማው ሰው ማሳከክ ይጀምረዋል፣ ግንባሩና የዐይኑ ቆብ ያብጣል፤ አንዴ አለርጂ ከሆነ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ስለዚህ ከቸኮላችሁ ይዘቱ የተጻፈበትን የካርቶን ቀለም ግዙ እንጂ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የተሸጠላችሁን ፈጣን ጥቁር አትግዙ። የትኛውንም ብትመርጡ ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ።

ንጹሁን የምትለዩት በጽሑፉ ነው፦ ሂናው ላይ ላውሶኒያ ኢነርሚስ፣ ኢንዲጎው ላይ ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ ብቻ መጻፍ አለበት።

ቡናና ሻይ ቅጠልስ? የዘጌን ቡና ለስኒው ተዉለት። ሽበትን ጥቂት ያጠይመዋል፣ በአንድ ሁለት እጥበት ይሄዳል፤ በሐምሌ ዝናብ ደግሞ ነጠላችሁ ላይ ይወርዳል። እንሶስላ ለእጅና ለእግር ያለው ክብር አይካድም፤ ግን ለሙሉ ራስ የሚበቃ ሥር ቆፍሮ፣ ወቅጦ፣ ቃጫውን ከከርዳዳ ፀጉር መልቀም ማን ይችላል?

ስትገዙ ዋጋውን በካርቶን ሳይሆን በግራም አስሉ። ለአጭር ፀጉር 100 ግራም ይበቃል፤ ትከሻ ለሚደርስ ብዙ ፀጉር 200 ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ሁለቱንም ለምትጠቀም ደግሞ ከየአንዳንዱ። ከዚያ በኋላ ወጪው ይቀንሳል፤ ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ሥሩን ብቻ ማቅለም ነው። ኢንዲጎ ከሂና ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ቀይ ሲያዘነብል እሱን ብቻ መድገም ይቻላል። የተረፈ የሂና ሊጥ በፍሪጅ በረዶ ቤት ይቀመጣል፤ ኢንዲጎን ግን በየጊዜው የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ለውሱ።

አክስቴ አሁን ሁለቱንም ትገዛለች። የደብረ ማርቆስ ሱቆች ውስጥ ኢንዲጎ እንደ ሂና በቀላሉ ስለማይገኝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኝ ታስመጣለች፤ ለጥምቀትም ሦስት ቀን አስቀድማ ትቀባለች።