ፕሮቲኔ ከኒውክሊየስ መውጣቱን ላሳዩኝ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ

ይህን ምስጋና በአደባባይ ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም። ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ አላነሳም። በሕዋስ ውስጥ የፕሮቲን ጉዞ የምታጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን እርሳቸውን ሳታማክሩ ውጤታችሁን አትጻፉ።

የማጠናው ሬቭ የተባለውን የኤችአይቪ ፕሮቲን ነው። 116 አሚኖ አሲድ ብቻ ቢኖረውም ቫይረሱ ያለ እርሱ አይራባም። ሕዋሳችን ኢንትሮኑ (ተቆርጦ የሚወጣው ክፍሉ) ያልተወገደለትን አር.ኤን.ኤ. (የዘረመል መልእክት ቅጂ) አብዛኛውን ጊዜ ከኒውክሊየስ፣ ዘረመሉ ከሚቀመጥበት የሕዋሱ ክፍል፣ አያስወጣም፤ አዲሱ ቫይረስ ደግሞ የሚሠራው ከዚሁ ካልተቆረጠው አር.ኤን.ኤ. ነው። ሬቭ አር.ኤን.ኤውን ይይዛል፣ ሲ.አር.ኤም.1 የተባለው የሕዋሱ አጓጓዥ ደግሞ ሁለቱንም በኒውክሊየሱ ቀዳዳ አሳልፎ ያወጣቸዋል። ሬቭ ሸክሙን ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ማለትም ከኒውክሊየሱ ውጭ ባለው የሕዋሱ ክፍል፣ አራግፎ ወደ ኒውክሊየሱ ይመለሳል።

በእኔ ምስሎች ላይ ግን በማይክሮስኮፕ እንዲታየኝ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን የቀጠልኩበት ሬቭ ኒውክሊየስ ውስጥ፣ በተለይም በውስጡ ባለው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል በኒውክሊዮለሱ ላይ፣ ተከማችቶ ቁጭ ብሏል። ወራት ለፋሁበት። በመጨረሻ "አይወጣም" ብዬ ልጽፍ ነበር።

እርሳቸው ምስሉን አይተው፣ "ልጄ፣ ቤቱ በሰው ስለተሞላ በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የሚገባው ከሚወጣው ፈጥኖ እንደሆነስ?" አሉኝ። ምስሎቹን ያነሳሁባቸውን የሞቱ ሕዋሳት ትቼ በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ይዤ እንድመለስ ቀጠሩኝ።

ያንን ምሽት አልረሳውም። ከኒውክሊየሱ ራቅ ብለው ሳይቶፕላዝሙ ላይ ትንሽ ክብ ሠሩና በዚያች ክብ ብቻ ሌዘሩን ደጋግመው ለቀቁ። በክቧ የሚያልፍ አረንጓዴ ሁሉ ብርሃኑን ያጣል። ኒውክሊየሱን ሌዘሩ አልነካውም፤ ነገር ግን ዓይኔ እያየ ቀስ በቀስ ደበዘዘ። አጠገቡ ያለው፣ ሌዘር ያልተለቀቀበት ሕዋስ ግን እንደበራ ነው። ፕሮቲኔ ይወጣ ነበር!

ደስታዬን አይተው ፈገግ አሉ፤ ግን በዚያ አላበቁም። "አረንጓዴው ፕሮቲን ብቻውንም በቀዳዳው ያልፋል። ከሬቭ ጋር ተደምሮም ክብደቱ 40 ኪሎዳልተን ገደማ ብቻ ነው፤ ያለ አጓጓዥ ሾልኮ ቢሆንስ?" ብለው ሲ.አር.ኤም.1ን የሚያግደውን ሌፕቶማይሲን ቢ ጨምረን እንድንደግመው አደረጉ። በዚህኛው ዙር ኒውክሊየሱ ብዙም ሳይደበዝዝ ቆየ። ይህን ጥያቄ ፈታኞቼ ፊት ከመስማት ያዳኑኝ እርሳቸው ናቸው። ሥራቸው መሣሪያውን ማስነሳትና ማጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ አረንጓዴውን ፕሮቲን ለብቻው የያዙ ሕዋሳትም አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው። የሌንሱን ዘይት ደግሞ በሌንስ ወረቀት ብቻ ጥረጉ፤ ያንን ማይክሮስኮፕ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት።