ሆኖሉሉ፣ ማውናኬያ ጎዳና ላይ የማይሌ ጉንጉን የምትገዙ፣ ጥቅሉን ሳታስፈቱ እንዳትወጡ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ታናሽ ወንድሜ ትናንት ከሃዋይ ዩኒቨርሲቲ፣ ከማኖዋው ግቢ ተመረቀ። ደስታችን ላይ ውሃ የቸለሰብን አንድ አበባ ሻጭ ነው። ከሲያትልም ከዲሲም ለምርቃትና ለሠርግ ወደ ሆኖሉሉ የምትመጡ ስላላችሁ፣ ሌላ ሰው ሳይሸወድ ይወቀው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ቻይናታውን ውስጥ፣ ማውናኬያ ጎዳና አካባቢ ነው። እዚያ የሌይ፣ ማለት አንገት ላይ የሚደረገው የአበባ ጉንጉን፣ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ጨዋ ናቸው። ሴቶቹ ቁጭ ብለው በረጅም መርፌ አበባ ሲሰኩ ታያላችሁ። የኔ ሰውዬ ግን ከሌላው ዓይነት ነው። ታውቁታላችሁ። ገና ከደጅ «አንቲ፣ ግቢ ግቢ፣ አሽትቺው» ብሎ እናታችሁን ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ ከየት እንደመጣችሁ የሚጠይቅ። ካርዱ ካለፈ በኋላ ዓይናችሁን የማያይ።

ሰሞኑ ደግሞ ለእንደሱ ዓይነቱ ሠርግና ምላሽ ነው። ሜይ ላይ የእናቶች ቀንና ምርቃት ተያይዘው ይመጣሉ፣ ከተማው በሙሉ አበባ ይፈልጋል። ተመራቂው ከአዳራሽ ሲወጣ ዘመድ ወዳጅ ሌይ ይደራርብበታል። እስከ አገጩ ተቀብሮ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ልጅ አለ። ብር አጣጥፎ ጉንጉን የሚሠራም፣ ከረሜላ የሚደረድርም አይጠፋም።

እኛ ለወንድሜ የፈለግነው ማይሌ ነበር። ማይሌ አበባ አይደለም፣ የጫካ ሐረግ ነው። ቃሚዎቹ ተራራ ወጥተው ይቆርጡትና እንጨቱን ከውስጥ መዝዘው ያወጡታል፤ ልጡ ከነቅጠሉ ይቀራል። ያንን ደራርበው ይቋጥሩታል። ጫፍና ጫፉ አይገጠምም። አንገት ላይ ጣል ተደርጎ በግራና በቀኝ ይወርዳል። ድሮ የሁላ ጭፈራ አምላክ ለምትባለው ለላካ የሚቀርብ ቅጠል ነው፤ ዛሬ ሙሽራውም ተመራቂውም ያደርገዋል። ሽታው ቫኒላ ቫኒላ ይላል፣ ደርቆ እንኳ ቶሎ አይለቅም። እዚያው የሚለቀመው ስለማይበቃ ከኩክ ደሴቶች ጭምር በአውሮፕላን ይመጣል። ውድ ነው። ወንድሜ ለአራት ዓመት ልፋቱ ይገባዋል ብለን ነው። ለእናቴ ደግሞ ፒካኬ፣ ያው ጃስሚን፣ ሦስት ረድፍ።

ከፍሪጅ አውጥቶ ያሳየን ማይሌ እውነተኛ ነበር። ይሄን እምላለሁ። ቅጠሉ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም፣ ቋጠሮዎቹ የሚታዩ። እናቴ አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ «እሰይ» አለች። ፒካኬውም እንደዚያው፣ እንቡጦቹ ጥርቅም ያሉ፣ ነጭ። ፒካኬ እንቡጥ ሳለ ነው የሚለቀመው፣ ሙቀት ላይ ከዋለ ይፈነዳል። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ አይቼ ነው እሺ ያልኩት። ለማይሌው 65፣ ለፒካኬው 50 ዶላር። ከፈልኩ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፣ ውሃ ልርጭበትና በቅጠል ልጠቅልልሽ፤ ሙቀቱ ይገድለዋል» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነው፣ ሌይ እንደዚያ ነው የሚያዘው። ሰጠሁት። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ። የፍሪጅ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ውሃ ሲረጭ ግን አልተሰማም፣ አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ሲመለስ ሁለት ጥቅል ይዟል። በሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በስቴፕለር ተመትቷል። «እዚያ ስትደርሱ ብቻ ክፈቱት፣ አየር ካገኘው ይጠወልጋል» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አንዲት ኦርኪድ እናቴ ጆሮ ላይ ሰካላት። «ለአንቲ ስጦታ» እያለ። እናቴ መረቀችው! ከብሩ ሁሉ በላይ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ምርቃት ነው።

ግቢው ውስጥ ስንፈታው እናቴ ቀድማኝ አየች። «አንቺ፣ ይሄ ለድፎ ዳቦ የሚሆን ኮባ አይደለም እንዴ?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቲ የሚባለው ቅጠል ነበር። ሰፊውን ቅጠል ተርትረው ገምደውታል፣ ማይሌ እንዲመስል ጫፍ ጫፉን ወጣ ወጣ አድርገውታል። ከሩቅ ያሳስታል። አሸተትኩት። ምንም። እናቴም ብዙ አልራቀችም፤ የአገሩ ሰዎች ላውላው የሚሉትን ሥጋ ጠቅልለው የሚያበስሉት በዚሁ በቲ ነው።

ፒካኬው ይብሳል። ከላይ የሚታየው ረድፍ ነጭ ነው። ገልበጥ ሳደርገው የውስጠኞቹ ሁለቱ ፈንድተው ጠርዛቸው ቡናማ ሆኗል፣ ጣቴ ሲነካቸው ይረግፋሉ። እናቴ ነጠላዋ ላይ የረገፈውን እያራገፈች «ተዪው፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» ትለኛለች።

አጠገባችን የወንድሜ ጓደኛ አያት ነበሩ፣ የአገሩ ተወላጅ። የልጅ ልጃቸው አንገት ላይ እውነተኛው ማይሌ ተንጠልጥሏል፣ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል። የኛን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው «ስንት ብለው ሸጡላችሁ?» አሉ። ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ቲ ጥሩ ቅጠል ነው፣ ክፉ ነገር ይከላከላል፣ አድርጉለት» አሉን። የሰው ጨዋ! ቲን እየናቅኩ አይደለም። ደጃፋቸው ላይ የሚተክሉት የተከበረ ቅጠል ነው። ሰውየው ቲ ነው ብሎ በቲ ዋጋ ቢሸጥልኝ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር።

ወንድሜ ወዲያው ነው ያወቀው። እንዴት አያውቅ። «ቆንጆ ነው» ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገልን።

እናቴን ከነሱ ጋር ትቼ ኡበር ጠርቼ ተመለስኩ። ሰውየው የለም። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። ጥቅሉን ፊቷ ዘረገፍኩት። ቀና ብላ አየችና «ሌይ ነው» አለች። የከፈልኩት ለማይሌ ነው አልኳት። «ያው ቅጠል ነው። ፎቶ ላይ ማን ይለየዋል?» አለችኝ። እንደዚህ ነው ያለችኝ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ፒካኬውን ገልብጬ አሳየኋት። ዞር ሳትል ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ በአውራ ጣቷ ጠቆመችኝ፤ ትኩስ አበባ አይመለስም ይላል። ደረሰኙን አወጣሁ። «ሌይ፣ 2» ይላል፣ ሌላ ምንም። የማይሌ ስም የለ፣ የፒካኬ ስም የለ። «ስንት ቱሪስት ይመጣል፣ እንዳንቺ የተነጫነጨ የለም» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ሳቀ። ድምፁ የሱ ነበር። አልወጣም።

ይሄም ይታወቅ፤ ጠዋት ላይ ጄድ ቫይን የሚባለውን፣ ያንን አረንጓዴና ሰማያዊ የቀላቀለ ጉደኛ አበባ፣ «በአውሮፕላን ይዘሽው ሂጂ» እያለ ሊያሸክመን ሞክሮ ነበር። ከኋላችን የቆመች ሴት ናት እንዳትገዙ ብላ በዓይኗ የጠቀሰችን። ከሃዋይ ወደ ዋናው አሜሪካ ጄድ ቫይን፣ ማውና ሎአ የሚባለው አበባ፣ የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆነም ቅጠል አያልፍም። ኤርፖርት የግብርና ፍተሻው ላይ ይቀማል። ለሱ ምን ቸገረው፣ ብሩ ገብቷል።

ባንኬ ጋ ደውዬ ክፍያውን ተቃውሜያለሁ፣ ፎቶዎቹንም ልኬያለሁ።

እናንተ ግን ጥቅሉ ዓይናችሁ እያየ ይታሰር። ጓዳ ገብቶ የመጣ ነገር ካለ አስፈቱት። ማይሌ ከሆነ አሽትቱ፣ ልጡንና ቋጠሮውን ፈልጉ። ፒካኬን ገልብጡት። ደረሰኙ ላይ የቅጠሉና የአበባው ስም ይጻፍ። ለነፍሰ ጡር የምትገዙ ከሆነ ጫፉ ያልተገጠመውን ውሰዱ፣ የተዘጋውን ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ፕሉሜሪያ የሚባለውን አበባ ከገዛችሁ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት፣ ይጠቁራል።